የወደብ ከተማ መብራቱን ከየት ያምጣ? በጅቡቲ ምሳሌ አማራጮችን ማወዳደሪያ

ስለ ንጹህ ኃይል ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ "ፀሐይ ይሻላል ወይስ ነፋስ?" ላይ ይደርሳል። ለወደብ ከተማ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መብራቱ የሚፈለገው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ወደብ ሌሊት አይተኛም። ክሬኑ በፈረቃ ይሠራል። ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከሶኬቱ ከተነቀለ ሥጋውም መድኃኒቱም ይበላሻል። ዳር ይዞ የቆመ መርከብ መብራቱንና ፓምፑን ለማንቀሳቀስ ሞተሩን እንዳስነሳ ያድራል። ከተማው ቆላ ከሆነ ደግሞ ኤሲው አለ።

እዚህ የምናወዳድረው ጅቡቲን ይዘን ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ጭነት 90 በመቶ ገደማ በዚያ ያልፋል። ጅቡቲ ከምትጠቀመው መብራት ደግሞ ከግማሽ በላዩ ከኢትዮጵያ ይሄዳል። እዚያ የሚወሰነው ነገር ዞሮ ዞሮ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ የሚጠብቅ ነጋዴ ኪስ ጋ ይደርሳል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ወይም ጋራዥ የከፈተ ኢትዮጵያዊም የመብራት ሂሳቡን በደንብ ያውቀዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## መመዘኛው ምን ይሁን?

ዋጋ ከማየታችን በፊት መመዘኛ እናስቀምጥ። ሻጭ ሁሉ የራሱ ዕቃ የሚያምርበትን መለኪያ ይዞ ነው የሚመጣው። የሶላር ሻጭ የቀኑን ዋጋ ያሳያችኋል። የጀነሬተር ሻጭ "በፈለጋችሁ ሰዓት አስነሱት" ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግማሹን ነው የነገሯችሁ።

ሰዓት። የጅቡቲ ሙቀት ከግንቦት እስከ መስከረም ይበረታል። 40 ዲግሪን ማለፍ ብርቅ አይደለም። በነዚህ ወራት የመብራት ፍጆታው ሽቅብ ይወጣል። ቀኑም የራሱ ጠባይ አለው። ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባው ቀትር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጫት ቤቱ ይሞላል፣ ኤሲው ይከፈታል። ማታም እፎይታ የለም፤ ሌሊቱ ራሱ ሙቅ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላና ማታ የማይገኝ መብራት፣ የፈለገውን ያህል ቢረክስ፣ ለብቻው ይህን ከተማ አይሸከምም።

ሙሉ ዋጋ። ለ1 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠራላችሁ ዋጋ መጠባበቂያውን ይጨምራል ወይ? ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሳው ጀነሬተር፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ የሚቀየረው ባትሪ፣ እስከ ከተማው የሚዘረጋው መስመር ካልተደመረ ያ ዋጋ ማማለያ ነው።

ጨው፣ ሙቀትና አቧራ። ይሄ ብሮሹር ላይ አይጻፍም። የባሕር አየር ብሎን ይበላል። የኤሌክትሪክ ሳጥን ማጠፊያ ያዝጋል። የመዳብ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ከበረሃው የሚነሳው አቧራ ደግሞ ፓኔል ላይ ይተኛል፤ ከእርጥበቱና ከጨው ጋር ሲላቆጥ በደረቅ መጥረጊያ አይነሳም። ለማጠብ ውሃ ያስፈልጋል። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ውሃው ራሱ የመብራት ጉዳይ ነው። በ2021 ዶራሌ ላይ የተከፈተው የባሕር ውሃ ማጣሪያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ያን ሁሉ ውሃ በማጣሪያው ውስጥ የሚገፋው መብራት ነው።

ውሉ። ማን ይሸጣል? በምን ገንዘብ? ለስንት ዓመት? እዚህ ላይ ጅቡቲ ነገሩ ቀሏታል። ፍራንኳ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ሆኖ ኖሯል። በዶላር የ25 ዓመት የመብራት ግዢ ውል ቢፈረም ምንዛሪው መሐል መንገድ ላይ አይከዳም። ብራችን በ2024 አጋማሽ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን ላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የጅቡቲን ውል እንዳለ ገልብጦ ለሌላ አገር ወደብ ማቅረብ አያዋጣም።

መድረሻ ጊዜ። የጣሪያ ሶላር በሳምንታት ያልቃል። ማስተላለፊያ መስመር ዓመታት ይፈጃል። የከርሰ ምድር እንፋሎቱ ደግሞ፣ ከታች እንደምናየው፣ የአባትን ሥራ ለልጅ ያስረክባል።

## አንደኛ፦ ነዳጁ ባለበት ይቀጥል

ይህም አማራጭ ነው፤ ብዙ ከተማ ሳያውቀው የሚመርጠው እሱን ነው። ቡላኦስና ማራቡ የሚባሉት የነዳጅ ማመንጫዎች ጅቡቲን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆይተዋል። ጥሩ ጎናቸው ሰዓት አለመምረጣቸው ነው። ነዳጅ ካለ መብራት አለ። መጥፎ ጎናቸው ቀሪው ሁሉ ነው። ነዳጁ በመርከብ ይመጣል፤ የዓለም ገበያ በተናጋ ቁጥር ሂሳቡም ይናጋል። የጅቡቲ ታሪፍ በአፍሪካ ውድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው አለምክንያት አይደለም። ቡላኦስ ደግሞ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ጭሱ ከሰው ጋር ይኖራል።

ይሁን እንጂ ቸኩሎ መንቀል አይገባም። ማሽኖቹ ተገዝተዋል፣ ሠራተኛው ጠባያቸውን ያውቃል። ከዋና ተሸካሚነት ወርደው መጠባበቂያ ይሁኑ። በዓመት ጥቂት መቶ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ማመንጫ ብዙ ነዳጅ አይበላም፤ በክፉ ቀን ግን ሆስፒታልና ወደብ ያድናል። "ንጹህ ኃይል ገባ" ተብሎ ጀነሬተሩ የተሸጠበት ከተማ የመጀመሪያዋ የሰኔ ጨለማ ላይ ይጸጸታል።

## ሁለተኛ፦ ከኢትዮጵያ የሚሄደው መብራት

በ2011 የተመረቀው ባለ 230 ኪሎቮልት መስመር ከድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ በፊት የአገሪቱ መብራት የነዳጅ ነበር ማለት ይቻላል። በመስመሩ የሚሄደው መብራት በአብዛኛው የግድብ ነው፤ ነፋስም ይታከልበታል። በንጽሕናው ምንም እንከን አይወጣለትም። በዋጋም ናፍጣው አጠገቡ አይደርስም።

ሰዓቱስ? ግድብ ውሃውን ቀን ይዞ ማታ መልቀቅ ስለሚችል ሰዓት አይመርጥም። ችግሩ አዲስ አበባም መብራት አጥብቃ የምትፈልገው ማታ መሆኑ ነው። ምጣዱ ሲጣድና ቤት ሁሉ ሲበራ ሻጩ ራሱ ተጨናንቋል። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ደግሞ ሻጭ መጀመሪያ የራሱን ቤት ነው የሚያየው። የሕዳሴው ግድብ በ2025 መመረቁ ይህን ጭንቀት በእጅጉ ያቀልላል። አቅሙ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ነው፤ ጅቡቲ የምትፈልገው ከዚህ ላይ ቁንጣሪ ነው። ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨ መብራት ጅቡቲ ደረሰ ማለት አይደለም። ወሳኙ መሐል ያለው ሽቦ ነው።

ለረጅም ዓመታት ከተማው የተንጠለጠለው በዚያ በአንዱ መስመር ላይ ነው። አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ብልሽት ቢፈጠር ጅቡቲ ይጨልማል። በአፋር በኩል ሰመራን ይዞ የሚያልፈው ሁለተኛ መስመር በዓለም ባንክና በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የታቀደውም ለዚህ ነው። ለእኔ ከሁሉም ፕሮጀክቶች ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው። የሚጨምረው ሜጋዋት ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን አንዱ ሲቋረጥ ሌላው መያዙ ነው። ወደብ ከውድ መብራት ይልቅ ድንገት የሚጠፋ መብራት ይፈራል። ኮንቴይነር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ክሬን ሲቆም፣ መርከቡ ወረፋውን ሲያልፈው፣ ያን ቀን የሚጠፋው ገንዘብ የስንት ወር የታሪፍ ልዩነት ይበላል።

ፖለቲካውን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ከግማሽ በላይ መብራቱን ከጎረቤት የሚገዛ አገር ይጨነቃል። ኢትዮጵያም በወደቡ በኩል ያው ጭንቀት አለባት። ግንኙነቱ እስካሁን የጸናው ሁለቱም እርስ በርስ ስለሚፈራሩ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ኢትዮጵያ ደንበኛዋ ጅቡቲ ብቻ አይደለችም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለኬንያም በትልቅ መስመር ትሸጣለች። ገዢ ሲበዛ ሻጭ ይመርጣል። ጅቡቲ ውሏን ስታድስ ይህን ማስታወስ አለባት።

## ሦስተኛ፦ የጉቤት ነፋስ

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ ጉቤት አካባቢ፣ 17 ተርባይኖች ቆመዋል። በ2023 ተመረቁ። አቅማቸው 60 ሜጋዋት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የአገሪቱ ማመንጫዎች አቅም ተደምሮ 120 ሜጋዋት አካባቢ ስለነበር በአንድ ጊዜ በግማሽ አደገ ማለት ነው። ወጪው 122 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን የአፍሪካ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን አለበት። በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል የመብራት አምራች ነው፤ መብራቱን የመንግሥቱ የመብራት ድርጅት በረጅም ጊዜ ውል ይገዛል።

ነፋስ ለወደብ ከተማ ደህና ይስማማል። ማታም ይነፍሳል። ውሃ አይጠይቅም። በተርባይኖቹ መሐል ፍየል መሠማራት ይችላል። ድክመቱ ወቅቱ ነው። የአካባቢው ነፋስ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። "60 ሜጋዋት" የሚለው ቁጥር ነፋሱ ሲመች የሚደረስበት ጣሪያ ነው እንጂ በየቀኑ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ አዲስ የነፋስ ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ኩባንያ ዓመታዊ አማካይ ቢያቀርብ አትቀበሉት። የ12ቱን ወር ምርት ለየብቻ ጠይቁ፤ የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን በተለይ። ኤሲ በሚጮህበት ወር ነፋሱ ስንት ይሰጣል? ውሉ የሚያዋጣና የማያዋጣ መሆኑ እዚህ ይለያል።

ሌላም አለ። የግል አምራች ውሎች ብዙ ጊዜ "ተጠቀምክም አልተጠቀምክም ክፈል" ይላሉ። በጥር ሌሊት ከተማው ቀዝቅዞ ኤሲ ሲጠፋ ነፋሱ ቢበረታ፣ ገዢው ላልተጠቀመበት መብራት ይከፍላል። መፍትሔው ነፋሱንና የኢትዮጵያን መስመር አንድ ላይ ማሰብ ነው። ነፋስ ሲኖር ግድቡ ውሃውን ይያዝ፣ ነፋስ ሲጠፋ ይልቀቅ። ይህ እንዲሆን ግን የሁለቱ አገሮች ውል ለየሰዓቱ የተለያየ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። በዓመት ጥቅል ሜጋዋት ብቻ የተጻፈ ውል ይህን ዕድል ይዘጋዋል።

## አራተኛ፦ ፀሐይ

ፀሐይ በሽ ነው። ጅቡቲ ላይ 1 ኪሎዋት ፓኔል በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሙቀት የፓኔል ወዳጅ አለመሆኑን ነው። ፓኔል ላይ የሚጻፈው አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው 0.35 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ላይ የተኛ ፓኔል ቀትር ላይ 65 ዲግሪ ቢገባ 14 በመቶው ሄደ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፓኔሉ ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይተከል፣ ከሥሩ አየር ይለፍ። ማሠሪያው የማይዝግ ብረት ወይም አሉሚኒየም ይሁን። ባሕር ዳር ላይ ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ብዙ አይቆይም።

ትልቁ የሶላር እቅድ ግራንድ ባራ ሜዳ ላይ ያለው ነው፤ 25 ሜጋዋት። ቦታው ከባሕሩ ራቅ ስለሚል ጨዉ ይቀንሳል፣ አቧራው ግን ይጨምራል። ሶላር ለ1 ሜጋዋት ከ1 እስከ 2 ሄክታር ይወስዳል። ወደብ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ትርፍ መሬት አይገኝም፤ የመጋዘን ጣሪያ ግን ሞልቷል።

ባትሪ የሌለው ሶላር የቀን ሠራተኛ ነው፤ አመሻሹ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ባትሪ ሲታከል ዋጋው ይወጣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከሌሎቹ ሊቲየሞች ይልቅ ሙቀት ይችላል። ቢሆንም 45 ዲግሪ በሚሞቅ ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ ዕድሜው ያጥራል። ጥላና አየር ይፈልጋል፤ ትልቅ ከሆነ የራሱ ማቀዝቀዣ። ለባትሪው ኤሲ፣ ለኤሲው ባትሪ… ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ።

## አምስተኛ፦ የከርሰ ምድር እንፋሎት

ወረቀት ላይ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ መሬት በተሰነጠቀበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። እንፋሎት ሌሊት የለው፣ ክረምት የለው፤ 24 ሰዓት ይሠራል። ኬንያ በኦልካሪያ የሠራችውን የእንፋሎት ማመንጫ ያየ ሁሉ ይጓጓል።

ጅቡቲም ጓጉታለች። አሳል ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ የተቆፈረው በ1970ዎቹ ነው። ሙቀቱ ተገኘ። አብሮት የወጣው ፈሳሽ ግን ከባሕር ውሃ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨዋማ ሆነ። ቧንቧ ውስጥ እየጋገረ ይደፍናል። በ1980ዎቹ እንደገና ተቆፈረ። በ2018 ፊያሌ በሚባለው ቦታ ሌላ ቁፋሮ ተጀመረ። በ2021 የኬንያው የመብራት አምራች ኬንጄን ጋላ ለ ኮማ በሚባለው ቦታ ለመቆፈር ተዋዋለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተቆፍሮ ወደ ከተማው የገባ አንድም ሜጋዋት የለም።

ቁፋሮው ይቁም አልልም። በእርዳታ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ ይቀጥል። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ይበላል፤ ደረቅ ቢወጣ የሚከፍለው የጅቡቲ የመብራት ደንበኛ መሆን የለበትም። መንግሥት በ2035 ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል እንጠቀማለን ብሏል። እዚያ እቅድ ውስጥ እንፋሎቱን እንደተገኘ መቁጠር አደጋ አለው።

## በአጭሩ ሲነጻጸር

| አማራጭ | ማታና በሙቀት ወራት | ዋጋ፣ መጠባበቂያው ተደምሮ | ጨው፣ ሙቀት፣ አቧራ | መድረሻ ጊዜ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| ነዳጅ ማመንጫ | ይገኛል | በጣም ውድ | ይችላል፣ ጥገና ይበዛዋል | አሁን አለ | የነዳጅ ዋጋ፣ ጭስ |
| የኢትዮጵያ መስመር | ይገኛል፣ ማታ ሻጩም ይጨናነቃል | ከሁሉም ርካሽ | መስመሩ በአብዛኛው ከባሕር ሩቅ ነው | አንዱ አለ፣ ሁለተኛው ዓመታት ይፈልጋል | በአንድ ሽቦ መንጠልጠል፣ ድርቅ |
| ነፋስ | እንደ ወሩ | መካከለኛ | ዝገት ክትትል ይፈልጋል | ከ2 እስከ 4 ዓመት | ላልተጠቀሙበት መክፈል |
| ትልቅ ሶላር | ያለ ባትሪ ማታ የለም | ቀን ርካሽ፣ ከባትሪ ጋር መካከለኛ | አቧራና ሙቀት ይቀንሱታል | ከ1 እስከ 2 ዓመት | የማጠቢያ ውሃ |
| የጣሪያ ሶላር | ያለ ባትሪ ማታ የለም | በውዱ ታሪፍ ምክንያት ቶሎ ይመልሳል | ጨው ይጎዳዋል | ሳምንታት | መናኛ ገጠማ |
| እንፋሎት | ሁልጊዜ | ከተገኘ ጥሩ | ጨዋማው ፈሳሽ ከባድ ነው | አይታወቅም | ደረቅ ጉድጓድ |

## መብራቱ ከመጣ በኋላ ወደቡ ውስጥ ምን ይቅደም?

ዕቃ ከመርከብ የሚያወርዱት ግዙፍ ክሬኖች ብዙዎቹ ድሮም በመብራት የሚሠሩ ናቸው። ኮንቴይነሩ ወደ ታች ሲወርድ ሞተሩ መልሶ መብራት ያመነጫል፤ ጥሩ ተርሚናል ያንን ይይዘዋል። ናፍጣ የሚበሉት ግቢ ውስጥ ኮንቴይነር የሚደረድሩት ባለ ጎማ ክሬኖችና ከመርከብ ወደ ግቢ የሚመላለሱት ጎታቾች ናቸው። ለባትሪ የተፈጠረ ሥራ ቢኖር የጎታች ሥራ ነው። ጉዞው አጭር፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ማደሪያው አንድ ቦታ። አሮጌ ጎታች ሲሞት በኤሌክትሪክ ይተካ፤ ገና የሚሠራውን ግን ለፎቶ ሲባል አትጣሉት። ባለ ጎማ ክሬኑን ደግሞ በገመድ ወይም በሐዲድ መስመር ከመብራት ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ አዲስ ክሬን መግዛት ግዴታ አይደለም።

ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ብዙ የማይወራለት ትልቅ በላተኛ ነው። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውል ኮንቴይነር ሙሉ ቀን ከሙቀቱ ጋር ሲታገል ይውላል። እዚህ ላይ ከማንኛውም ማመንጫ በፊት የሚቀድም ርካሽ ነገር አለ፤ ጥላ። ከላይ ጣሪያ ይሠራ፣ በጣሪያው ላይ ፓኔል ይተከል። ጥላውም መብራቱም ኮንቴይነሩ አብዝቶ በሚፈልጋቸው ሰዓት ይደርሳሉ። ለእኔ ወደብ ውስጥ ከሁሉ የሚጣፍጠው የሶላር ቦታ ይህ ነው።

ቀጥሎ መርከቡ። ዳር የያዘ መርከብ ሞተሩን አጥፍቶ ከምድር መብራት እንዲወስድ ማድረግ ሾር ፓወር ይባላል። ጎተንበርግ በ2000 ለጭነት መርከቦች ጀመረችው፤ ሎስ አንጀለስ በ2004 ለኮንቴይነር መርከብ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2030 ጀምሮ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦች በዋና ዋና ወደቦቹ ላይ እንዲሰኩ ያስገድዳል። ጥቅሙን በግምት እንየው። ቆሞ 1.5 ሜጋዋት የሚፈልግ መርከብ በ24 ሰዓት 36,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። ይህን በራሱ ሞተር ቢያመነጭ ከ7 ቶን በላይ ነዳጅ ያቃጥላል። ያ ጭስ የከተማው ሰው ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።

ታዲያ ጅቡቲ ነገ ትግዛው? እኔ አልቸኩልም። ብዙ መርከብ የሚሠራው በ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ በሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ የጅቡቲ መረብ 50 ነው። መለወጫው ብቻውን ትልቅ ገንዘብ ነው። ሦስት መርከብ ባንድ ላይ ቢሰካ 4.5 ሜጋዋት ጨመረ፤ ለትንሽ መረብ ይህ ይሰማል። መብራቱ ከቡላኦስ ነዳጅ የሚመጣበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ጭሱን ከመርከቡ ጭስ ማውጫ ወደ ከተማው መሐል አዛወርነው እንጂ አልቀነስነውም። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር እስኪቆም መጠበቅ ይሻላል። አሁን መደረግ ያለበት ርካሹ ነው፦ መርከብ መቆሚያው በታደሰ ቁጥር የገመድ ቦይ አብሮ ይቀበር፣ ለመለወጫው ቦታ ይከለል። ያለቀ ኮንክሪት መልሶ መቁረጥ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

የቀረው ባቡርና መኪና ነው። ከ2018 ጀምሮ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር 750 ኪሎሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የሚሠራውም በመብራት ነው። ትልቁ ጭነት ግን አሁንም በጋላፊ መንገድ በመኪና ይሄዳል። ከወደቡ እስከ ሞጆ በመኪና 850 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ደጋ መውጣት። ተሳቢ የያዘ መኪና በ100 ኪሎሜትር 45 ሊትር ቢጠጣ ወደ 380 ሊትር ናፍጣ፣ ወደ 1 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያውም መልሱ ሳይቆጠር። ባቡሩ ይህን በግድብ መብራት ይሠራዋል። ድክመቱ መብራት ሲቋረጥ መቆሙና በር ድረስ አለማድረሱ ነው። የኤሌክትሪክ ከባድ መኪናስ? ለዚህ መንገድ ገና ነው። አዋሽ፣ ሚሌና ጋላፊ ላይ አስተማማኝ መሙያ እስኪቆም ድረስ ብድር ገብቶ መግዛት አልመክርም።

## ማን ምን ይምረጥ?

የከተማውን ወይም የአገሩን ኃይል የምታቅዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሁለተኛው መስመር፣ ቀጥሎ ነፋስ፣ ከዚያ ባትሪ የታከለበት ሶላር። ነዳጁ ወደ መጠባበቂያ ይውረድ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መስመሩን። መስመሩ በሌላ ሰው ገንዘብ እየተሠራ ከሆነ ባትሪ ላይ አውሉት፤ ከማምሻ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆይ መጠን ይበቃል።

ተርሚናል የምታስተዳድሩ ከሆነ ከጥላና ከጣሪያ ሶላር ጀምሩ። ቀጥሎ ጎታቾቹ፣ ከዚያ ባለ ጎማ ክሬኖቹ። ሾር ፓወሩን የማያቋርጥ መብራት ስታገኙ።

ጅቡቲ ውስጥ አነስተኛ ንግድ ያላችሁ ከሆነ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመረው ከፓኔል አይደለም። ጣሪያውን ነጭ ቀለም ቀቡ። አሮጌውን ኤሲ ኢንቨርተር ባለው ቀይሩ። ቀጥሎ 5 ኪሎዋት ፓኔል ያለ ባትሪ፤ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣችኋል። ዓሣ ወይም መጠጥ የምትሸጡ ከሆነ በረዶውን ቀን አምርቱ፤ ቅዝቃዜ ማጠራቀም ከባትሪ ይረክሳል። ባትሪ ግዙ የምለው መብራት ሲጠፋ ዕቃው የሚበላሽበትን ሰው ብቻ ነው። ትርፉን መብራት ለመብራት ድርጅቱ መልሼ እሸጣለሁ ብላችሁ በጽሑፍ ሳትይዙ ሂሳብ አትሥሩ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ዕቃ የምታስመጡ ከሆነ መጠኑ የታወቀ፣ ቀኑ የማያስቸኩል ሙሉ ኮንቴይነር በባቡር ይምጣ። የተበታተነና የሚያስቸኩል ጭነት ለጊዜው በመኪና። ዋጋውን ስታነጻጽሩ የባቡሩን ታሪፍ ከመኪናው ታሪፍ ጋር ብቻ አታወዳድሩ። ከሞጆ ወይም ከእንዶዴ እስከ መጋዘናችሁ ያለውን ማጓጓዣ ደምሩበት። ባዶ ኮንቴይነሩን ወደ ጅቡቲ የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ ባቡሩ ቢዘገይ ዲመሬጁ (የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያው) በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከትራንዚተራችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።